ከመቀመጫው ሥር ያሰርሁት ሽቦ

አሁን የምናገረውን ነገር የሚያውቅ ሰው የለም። ሚስቴ አታውቅም። የነፍስ አባቴም አያውቁም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን እየለቀምሁ ስሰጣቸው ኖሬያለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ሳላስቀድስ የቀረሁበትን እሑድ። ትልቁን ግን ምላሴ ሥር እንደያዝሁ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ተብዬ እነሣለሁ። ያልተናገሩት ይፈታል ወይ? አይፈታም። አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ስነሣ የኖርሁት። ዛሬ ግን፣ አንባቢዬ፣ ለእርስዎ እናገራለሁ። ፈሪ ሰው የሚደፍረው የማያውቀው ሰው ፊት ነውና ይታገሡኝ።

አንድ ሽማግሌ እግራቸው ተቆረጠ፤ ያ የእኔ ሥራ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። እኒያ ሽማግሌ በገዛ ዓይናቸው ያዩትን እንዳላዩ አድርጌ አሳመንኋቸው። ቁስላቸው ደርቋል፤ በምርኩዝም ቢሆን ይራመዳሉ። የገዛ አእምሯቸውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አምነውት አያውቁም። የምናዘዘው በተለይ ስለዚህ ነው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሎጅ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። መሸንቲ ተወልጄ፣ ሙያ እዚሁ ከተማ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት የፋብሪካ ማሽን ሳባብል ቆይቼ ነው ወደ ሐይቁ የተጠጋሁት። የሎጁ ግቢ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ውኃው ድረስ ሣር ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ጠዋት ጠዋት ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ ሣሩ ላይ ይተኛል። መሬቱ የት እንዳለቀ፣ ውኃው የት እንደጀመረ አይለይም። በውኃው ዳር የበቀለው ደንገል ራሱን ብቻ አውጥቶ ይወዛወዛል። ታንኳ ሲያልፍ ቀዛፊው ይታያል፤ ታንኳው አይታይም፤ ሰውዬው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። እዚህ የሚሠራ ሰው ግማሽ ዕድሜውን በሕልም ነው የሚያሳልፈው። እኔም ያንን ዘመን ሳስበው ሁሉም ነገር እንደ ጉም ሳስቶና ለስልሶ ነው የሚመጣልኝ። ጥፋቴ ብቻ አይሳሳም። እጄ የት እንደነበረ፣ ፒንሳው የት እንደነበረ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

አያ አድማሱ የሎጁ አትክልተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው የተማሩ፣ ዳዊቱን በቃላቸው የሚደግሙ፣ በኋላ ኑሮ ወደ ማጭድና መኮትኮቻ ያመጣቸው ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ደብር ማሕሌት ይቆማሉ። ጎረቤቶቻቸው ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አያዩም ነበር፤ እሳቸውን ይጠይቃሉ። አያ አድማሱ የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ያሰላሉ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ቀኑን ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም። በሌላው ነገር ሁሉ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ቀጭን። ኩራታቸው አንድ ብቻ ነበረች። "ያየሁትና የሰማሁት አይጠፋኝም፤ እግዜር ሌላ ባይሰጠኝ ይህችን ሰጥቶኛል" ይሉ ነበር። እኔ የወሰድሁባቸው ይህችን አንዷን ነው።

መስከረም ላይ ሣሩ ከማጭድና ከሚገፋው ማሽን አቅም በላይ ሆነና አዲስ የሚነዳ ማጨጃ መጣ፤ ወንበር ያለው፣ መሪ ያለው፣ አራት ጎማ ያለው። ሠራተኛው ሁሉ የመጣችበትን ሣጥን ከቦ ቆመ። የወጥ ቤት ሴቶች "ለአያ አድማሱ በቅሎ መጣችላቸው" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኗ ስሟ በቅሎዋ ሆነ።

መግጠሙ የእኔ ድርሻ ነበር። መመሪያውን ሁለት ቀን ሙሉ አነበብሁ። ሞተሩ ያለ ዘይት ነበር የመጣው፤ ያንን ሳያይ የሚያስነሣ ሰው በመጀመሪያው ቀን አቃጥሎት ያርፋል፤ እኔ በልኩ ሞላሁ። ጎማዎቹ ለጉዞ ከመጠን በላይ ተነፍተው ነበር፤ አራቱንም እኩል አስተነፈስሁ፤ ጎማ ካልተካከለ ቢላዋው አንዱን ወገን ላጭቶ ሌላውን ይተወዋል። ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ የካንዴላውን ገመድ ነቅዬ፣ በሩቁ አሳርፌ፣ ቢላዋዎቹን በእጄ እያዞርሁ ብሎናቸውን አጠበቅሁ። ባትሪውን ቀዩን ገመድ አስቀድሜ፣ ጥቁሩን አስከትዬ አሰርሁ። ነዳጁን ከጋራዡ ውጭ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቀዳሁ። ፍሬኗን ዳገት ላይ ፈተንሁ። ወደ ውኃው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ አስለቀምሁና ለአያ አድማሱ "እዚህ ላይ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይንዱ" አልኋቸው።

መጨረሻ ላይ የቀረችው መቀመጫው ሥር ያለችው ትንሽ ማጥፊያ ነበረች። ሰው ሲቀመጥ ትጫናለች፤ ሰው ሲነሣ ትለቃለች። ቢላዋው እየዞረ ከለቀቀች ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ነገሩ ለሕፃን የሚገባ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሰው ከሌለ ቢላዋ አይዞርም። ተቀምጬ አስነሣሁ፤ ብድግ ስል ጠፋች። እንደገና ሞከርሁ፤ ጠፋች። ከዚያ አያ አድማሱን አስቀምጬ አስተማርኋቸው። መውረድ ሲፈልጉ በመጀመሪያ የቢላዋውን ማንሻ ይመልሱ፣ ቀጥሎ ፍሬኑን ይያዙ፣ ከዚያ ይነሡ። አንድ ጊዜ ሰምተው እንደ ዳዊት ደገሙልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ታዲያ በገዛ እጄ ያቆምሁትን በገዛ እጄ ለምን አፈረስሁት?

ከሣሩ ጠርዝ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሻገሩ ካህናትና መነኮሳት በዚያ ያልፋሉ። አያ አድማሱ ደግሞ ካህን ሲያልፍ ተቀምጠው አያውቁም። ለሽማግሌም ይነሣሉ፤ ለእንግዳም ይነሣሉ። "ኖር" ብለው ከወንበሩ ብድግ ሲሉ ማሽኗ ጭጭ ትላለች። አላፊው "በእግዚአብሔር" ብሎ ያልፋል፤ እሳቸው ተቀምጠው እንደገና ያስነሣሉ፤ ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ደግሞ ሌላ ቄስ። ብድግ፣ ጭጭ። አስተናጋጆቹ ከበረንዳው ላይ ሆነው "ዛሬ በቅሎዋ ስንት ጊዜ ሰገደች?" እየተባባሉ ይቆጥሩ ጀመር።

አንድ ቀን ቀርቤ "አያ፣ እንደተቀመጡ ራስዎን ዝቅ ቢያደርጉ ይበቃል እኮ" አልኋቸው።

"መስቀል የያዘ ሰው እያለፈ በቅሎ ላይ ተጎልቼ?" አሉኝ። "ልጄ፣ በቅሎ ላይ ያለማ ይልቁን መውረድ ነበረበት። እኔ እኮ ሥራ ይዞኝ ነው በመነሣት ብቻ የማልፈው።"

እንደዚያ ያለ ሰው መሆን አምሮኝ ነበር፤ ደግሞም አናደዱኝ።

ከዚያ የሎጁ ባለቤቶች እንግዶች ይዘው ሊመጡ ሆነ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሰላማዊት ከአዳማ የመጡ ቀልጣፋ ሴት ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ጋራዡ በር ላይ ቆመው "አንተ ነህ የገጠምካት። እንግዳ ፊት እንዲህ ቀጥ እያለች እንዳታሳፍረን" አሉኝና ሄዱ። በቃ፣ የተባልሁት ይኸው ነው። አልተቆጡኝም፤ አላስፈራሩኝም። እንግዶቹ ሳይመጡ ሣሩን እንጨርስ ማለት እችል ነበር። ጥፋቱ የማሽኗ አይደለም፣ ማሽኗ ልክ ናት ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ነው። እኔ ግን አፈርሁ። እነዚያ ሁለት ቀን ሙሉ መመሪያ ያነበብሁባቸው፣ የተመካሁባቸው ሰዓቶች ሁሉ መሳቂያ የሆኑ መሰለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ፀሐይ ውኃው ላይ ወድቃ ብርሃኗ በበሩ እየገባ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ይዋኛል። ደስ የሚል ሰዓት ነበር። መቀመጫውን ገልብጬ የማጥፊያዋን መያዣ ነቀልሁ። አንድ ጣት የማትሞላ ሽቦ ቆርጬ የተነቀለውን ገመድ ሁለት ጫፎች አገናኘሁበት። በላዩ ጥቁር ናስትሮ ጠቀለልሁበት። ከዚያ በኋላ ለማሽኗ ወንበሩ ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ሰው ባይኖርም አለ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እየሠራሁ አፏጭ ነበር። ያሰርሁት እኔ ነኝ። ማንም እሰር አላለኝም። እኔ አሰርሁት፣ እያፏጨሁ።

እንግዶቹ መጡ፤ ሣሩን አዩ፤ ውኃውን አዩ። አያ አድማሱ ለካህኑም ለእንግዳውም ብድግ እያሉ ነዱ፤ ማሽኗ አንድ ጊዜም አልጠፋችም። ወይዘሮ ሰላማዊት ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ልቤ ሞቀ። እንግዶቹ ሲሄዱ እፈታዋለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እንዲያ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን አያ አድማሱ ጋራዡ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"ልጄ፣ በቅሎዋ ተገራች መሰለኝ፤ ስነሣ አትጠፋም። ደህና ናት?"

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ያዙኝ። ሽቦውን ማሰሬ ስንፍናና ኩራት ነው ቢባል ያስኬድ ይሆናል። እሳቸው ግን ጠየቁኝ። መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጠየቁኝ። እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። እኔ ምን አልሁ? "አስተካክያታለሁ አያ። ሞተሯ ይሠራል፤ ቢላዋው ግን ሲነሡ በራሱ ይቆማል። ማንሻውን ለመመለስ አይቸገሩ።" አልሁ። ለምን እንደዚያ አልሁ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሞኝ እንዳልመስል ይሆናል። እሳቸው ደስ ስላላቸው ይሆናል። እሳቸውም "እግዜር ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች ይባላል፤ እኔ ያንን ተረት እየተረትሁ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ወራት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። የታጨደ ሣር ሽታ ከውኃው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ግቢውን ይሞላዋል። አያ አድማሱ በጉሙ ውስጥ እየሄዱ እየመጡ ያንጎራጉራሉ፤ የሞተሩ ድምፅ ከዜማቸው ጋር ገጥሞ ከሩቅ አንድ ነገር ይመስላል። ነገ እፈታዋለሁ እላለሁ። ነገ ደግሞ ፓምፑ ይበላሻል፤ የመታጠቢያ ቤት ውኃ ይዘጋል። ኋላ ኋላ ነገ ማለቱንም ተውሁት። ሽቦው ወንበሩ ሥር ተቀምጦ፣ እኔ ረስቼው፣ እሳቸው በላዩ ተቀምጠው፣ ቀኑ አለፈ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ከፓምፑ ቤት አጠገብ እጄን እታጠብ ነበር። ጉሙ ገና አልተነሣም። ከወደ መንገዱ አንድ መነኩሴ ብቅ አሉ፤ ቢጫ ልብስ የለበሱ፣ በብብታቸው የጧፍ ጥቅል የያዙ፣ ረጅም። አያ አድማሱ ሞተሩን ሳያጠፉ ማሽኗን አቆሙ። የዚያን ቀን በመነሣት ብቻ አላለፉም፤ ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው መስቀሉን በግንባራቸው፣ ቀጥሎ በከንፈራቸው ተሳለሙ። መነኩሴው አንድ ቃል ተናገሩ፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ቁልቁል ወረዱና ጉሙ ዋጣቸው። እንዴት ያምራል ብዬ አሰብሁ። እውነቴን ነው፤ እጄ እየተንጠባጠበ ቆሜ እንዴት ያምራል አልሁ። ከኋላቸው ሞተሩ ይሠራል። ከሞተሩ ድምፅ ሥር የቢላዋው ድምፅ ለሌላ ሰው አይለይም፤ ለእኔ ይለያል። እየዞረ እንደሆነ የማውቅ በምድር ላይ እኔ ብቻ ነበርሁ። መጮኽ እችል ነበር። አሁን ተመልሰው ይቀመጣሉ ብዬ ዝም አልሁ።

አያ አድማሱ ወደ ማሽኗ ተመለሱ፤ ግን አልተቀመጡም። ጤዛ ያረጠበው ሣር፣ ማሽኗ የታጨደውን በምትተፋበት አፍ ላይ ተወትፎ አዩ። እኔ ቆሟል ያልኋቸውን ቢላዋ አምነው፣ ሣሩን ገፋ ሊያደርጉ ቀኝ እግራቸውን ሰደዱ።

አልጮኹም። "እመ ብርሃን" ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው። ሮጬ ደርሼ ቁልፉን አጠፋሁ፤ ሸሚዜን አውልቄ እግራቸውን አሰርሁ። ሌሎቹ ሚኒባሱን አመጡ፤ ተሸክመን አስገባናቸው። ወይዘሮ ሰላማዊት አብረዋቸው ሄዱ። መኪናው ከበሩ ሲወጣ እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ሰው እየደማ ወደ ሐኪም ሲሄድ እኔ ፒንሳ ፈለግሁ። መቀመጫውን ገልብጬ፣ ሽቦውን ቆርጬ አውጥቼ፣ የማጥፊያዋን መያዣ እንደ ፊቱ ገጠምሁ። ተቀምጬ አስነሣሁ፤ ብድግ ስል ጠፋች። እንደ አዲስ ነበረች። ሽቦውን ደንገሉ መካከል ወረወርሁት።

ከቀኝ እግራቸው ሦስት ጣትና የእግሩ ጫፍ ተቆረጠ። በምርኩዝ መቆም ሲጀምሩ ከዋናው ቢሮ ሦስት ሰዎች ለማጣራት መጡና እዚያው ሣሩ ላይ ጠየቋቸው። "መነኩሴ አልፈው መስቀል ልሳለም ወረድሁ" አሉ። "ተሳልሜ ስመለስ ሣር ታፍኖባት አየሁ። ሰው ሲነሣ ቢላዋው ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ይሠራል ተብዬ ስለነበር በእግሬ ገፋሁት።" አንድ ቃል አልጨመሩም፤ አንድ አልቀነሱም። ከመጡት አንዱ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ አስነሣ፤ ወረደ። ሞተሩም ቢላዋውም ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱንም ጠፋች። ሠራተኛው ለሁለት ወር ሳትጠፋ ያያት ስለነበር ለዚያም ውሸት አሰናድቼ ነበር፤ ብድግ ሲሉ ቶሎ እንዳትጠፋ ስፕሪንጓን አላልቼላቸው ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ከወረዱ ግን ትጠፋለች፣ ሞተሩ እየሠራ ቢላዋው ይቆማል ብያቸውም አላውቅም አልሁ። የእኔ ነገር ተጻፈ። ስለ መነኩሴው ጀልባ ነጂዎቹ ተጠየቁ፤ በየቀኑ መነኩሴ እንጭናለን፣ የትኛውን እንለያለን አሉ።

አያ አድማሱ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም። "ልጄ፣ ቀድመህ የደረስህልኝ አንተ ነህ። ወርጄ ነበር ወይስ አልወረድሁም?" አሉኝ።

"አልወረዱም አያ" አልሁ። "ተቀምጠው ነው እግርዎን የሰደዱት። መነኩሴም አላየሁም።"

ትንሽ አዩኝ። ቤቴ ነው ብሎ የሰው በር ያንኳኳ ሰው ያለውን ዓይነት መልክ አየሁባቸው። "እንግዲያ ተሳስቻለሁ" አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። የተጻፈውን ሳያነቡ ፈረሙ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት እያደር ጨለመ፤ ብርሃኑን የያዝሁት እኔ ነበርሁና። አያ አድማሱ ከሥራው ቀሩ። ሰፈርተኛው መጀመሪያ አዘነላቸው፤ ቀጥሎ እያረጁ ነው አለ። እሳቸው ግን መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ናቸውና ነገሩን በመጽሐፍ መረመሩት። ማንም ያላየውን መነኩሴ እኔ ብቻ ካየሁ፣ አሉ፣ ያየሁት መነኩሴ አይደለም። በቅዱሳን ገድል እንደተጻፈው ሰይጣን በመነኩሴ አምሳል መጥቶ ምትሐት አሳየኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ የእሱን መስቀል ሳምሁ። ይህን ለልጃቸው ለይታይሽ ነግረዋታል፤ እሷ ናት እያለቀሰች ለእኔ የነገረችኝ። ማሕሌቱን ተዉት። የፋሲካን ቀን የሚጠይቃቸው ሰው ቢመጣ "ሌላ ሰው ጠይቅ፣ እኔ እሳሳታለሁ" ይላሉ። መንገድ ላይ መነኩሴ ካዩ አቀርቅረው፣ እያማተቡ፣ በሌላው በኩል ያልፋሉ። ለሰው ሁሉ ይነሡ የነበሩ ሰው።

እኔ ግን በየበዓሉ እጠይቃቸዋለሁ። ደግ ሰው ነው ይሉኛል፤ አይረሳንም ትላለች ይታይሽ። መነኩሴውን ፈልጎ ማግኘት አያቅተኝም ነበር፤ ደሴቶቹ ሩቅ አይደሉም፣ ጀልባ ነጂዎቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ተሻግሬ ጧፍ የያዙ ረጅም መነኩሴ ብል ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። አልተሻገርሁም። አራት ዓመት ሙሉ ሐይቁን እያየሁ ኖርሁ፤ አልተሻገርሁም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ቤታቸው ሄጄ ነበር። በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ግንባራቸው ላይ አፈር አለ። ፊታቸው እንደ ድሮው በርቶ ስላየሁ ደስ አለኝ፤ ምን ተገኘ አልኋቸው።

"ቀኖናዬን ዛሬ ጨረስሁ" አሉኝ። "ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። በዚያ ቀን ሦስት ሰዎች ፊት ቆሜ ያልሆነውን ሆነ ብዬ መስክሬያለሁ፤ ለምትሐትም ሰግጃለሁ አልኋቸው። ስግደት ሰጡኝ። በዚህ እግር ስለሆነ ዘገየሁ እንጂ ይኸው ዛሬ ተፈጸመ።" ጉልበታቸው ተልጦ ነበር። የተቆረጠው እግራቸው ጠባሳ ላይ አዲስ ደም አየሁ። ከዚያ እጄን ያዙና "አንተንም በድዬሃለሁ" አሉ። "ይቆማል ተብዬ ነበር ስል አንተን መወንጀሌ ነበር። ልብህ ሳያዝን አይቀርም። ሰው እንደመሆኔ ተሳስቻለሁና ይቅር በለኝ።"

እኔስ ምን ያልሁ ይመስልዎታል? አሁን ይናገራል ብለው ጠብቀው ይሆናል። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኋቸው። እኔ፣ እሳቸውን፣ ይቅር አልኋቸው። በእኔ ውሸት ምክንያት በቆሰለ እግራቸው የሰገዱትን ሰው ይቅር ብዬ፣ የሰጡኝን ውኃ ጠጥቼ፣ ተሰናብቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን መጻፍ የጀመርሁት።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአያ አድማሱ ሰፈርተኛ በሰንበቴው ሲሰበሰብ ይህን ወረቀት እፊታቸው አነብበዋለሁ። ለብቻቸው ሹክ ብላቸው አይበቃም፤ ያሳፈርኋቸው በሰው ፊት ነው። የነፍስ አባቴም የዚያው ደብር ካህን ናቸው፤ እሳቸውም ከሰው እኩል ይስሙ። ሥራዬን አጣለሁ፤ ሚስቴ አንገቷን ትደፋለች፤ የሚገባኝ ነው። ይቅርታ አልጠይቅም። አያ አድማሱን አውቃቸዋለሁ፤ ይቅር ለማለት ይቸኩላሉ፣ ሳልጨርስም ሊያቋርጡኝ ይችላሉ፤ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። እኔን ይቅር ከማለታቸው በፊት ራሳቸውን እንዲያምኑ እፈልጋለሁ። ስለዚህ መጨረሻው ለእሳቸው የተጻፈ ምስክርነት ነው።

አያ፣ ያን ቀን ጠዋት ጉም ነበር። መነኩሴው ከወደ መንገዱ መጡ፤ ልብሳቸው ቢጫ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ጧፉን የያዙት በግራ ብብታቸው ነበር። እርስዎ ማሽኗን አቁመው ወረዱ። ባርኔጣዎን አውልቀው መስቀሉን በግንባርዎ፣ ከዚያም በከንፈርዎ ተሳለሙ። እሳቸውም ባርከውዎት ወደ ጀልባዋ ሄዱ። ምትሐት አልነበረም፤ ሰው ነበሩ፣ እግራቸው ጤዛው ላይ ዱካ ትቶ ነበር፤ እኔ ቆሜ አይቻለሁ። የመሰከሩት ሁሉ እውነት ነበር። የሰገዱት ስግደት የእኔ ዕዳ ነው።